አባቴ የቀቀለው ድንጋይ

እናቴ ደልሲ ሠላሳ አንድ ዓመት በማካይ ከተማ የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታ ጡረታ ስትወጣ፣ "ከእንግዲህ የማሳድገው መጮህ የማይችል ፍጥረት ብቻ ነው" አለችና ከቤታችን ሥር ያለውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል በመስታወት ገንዳ ሞላችው። ቤታችን እንደ ሰፈሩ ቤቶች ሁሉ በምሰሶ ላይ የቆመ የእንጨት ቤት ነው። ላይ እኛ እንኖራለን፤ ታች የእሷ ዓሦች ይኖራሉ።

የምታረባው ክላውን ዓሣ ነው፤ ያ ብርቱካናማው፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቀው። እንቁላል የሚሰጧት ሁለት ነበሩ፤ ሴቲቱ የመዳፌን ያህል፣ ወንዱ የእሷ ግማሽ። አባቴ መርቭ እጁን ገንዳ ውስጥ በከተተ ቁጥር ሴቲቱ በርራ መጥታ ስለምትነክሰው "አለቃዬ" ይላታል።

"በዚህ ቤት የማትነክሰኝ ሴት ተፈልጋ አትገኝም" ይላል እኔንና እናቴን እያየ።

"እኔ መቼ ነከስኩህ አባ?"

"ጥርስ ያወጣሽ ጊዜ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል፣ ጣቴ ግን አልረሳውም።"

እኔ ብሮንዊን ነኝ፤ ቤት ውስጥ ብሮን ይሉኛል። ትዳሬ ከፈረሰ በኋላ ወላጆቼ ጋ ተመልሼ ስኖር ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ስትሠራ አይቼ፣ ዓሣ ማርባት ከሕፃን ማሳደግ እንደማይተናነስ ገብቶኛል። እናትየው ሸክላ ማሰሮ ላይ እንቁላሏን ትለጥፋለች፤ አባትየው ሌት ተቀን በክንፉ ያራግብላቸዋል፣ የበሰበሰውን በአፉ እየለቀመ ይጥላል። በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ቀን ይፈለፈላሉ። የሚፈለፈሉት ደግሞ ዓይን ያላቸው ክር ነው የሚመስሉት። በዓይን የማይታይ ነፍሳት አራብተሽ ትመግቢያቸዋለሽ፤ ውሃው ትንሽ ከቀዘቀዘ ያልቃሉ፤ ትንሽ ከቆሸሸ ያልቃሉ። አሥር ቀን ያለፈው ነጭ ቀበቶውን ያወጣል። ያን ጊዜ እናቴ ወንበር ስባ ቁጭ ትልና ዝም ብላ ታያቸዋለች።

በዚያ ሐምሌ ቀበቶ ያወጡት ብዙ ስለነበሩ ገንዳ ጠበባት። ጥግ ላይ ግን አንድ አሮጌ ገንዳ ነበር፤ በውስጡ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ተቀምጧል። ድንጋዩን ኮራል የሚባል አረንጓዴና ወይን ጠጅ የባሕር ፍጥረት ሙሉ በሙሉ ወርሶታል፤ እያንዳንዷ ክብ፣ ልክ የሸሚዝ ቁልፍ። ባለቁልፉ ድንጋይ እንለዋለን። ያምራል። እናቴ አባቴን "ይኼን በባዶ እጅህ እንዳትነካው፣ መርዝ አለው" ብላ አንዴ አስጠንቅቃዋለች። እኔም ሰምቻለሁ።

አባቴ ችኩል ሰው አይደለም። ዕድሜውን በስኳር ፋብሪካ መካኒክነት ያሳለፈ፣ መሣሪያውን አጥቦ በየቦታው የሚሰቅል ሰው ነው። ይኼን የምነግራችሁ በኋላ ብዙ ሰው "ምን ዓይነት ሞኝ ነው?" ስላለ ነው። ሞኝ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ዓሦቿን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ሳሪና ከተማ ወደሚገኘው የዓሣ አርቢዎች ክበብ ገበያ ሄደች። አባቴ እስክትመለስ ድረስ አሮጌውን ገንዳ አጽድቶ ሊያስገርማት አሰበ። እስከ ክርኑ የሚደርስ ጓንት አደረገ፤ ድንጋዩን አወጣ፤ ሸርጣን የሚቀቅልበት ትልቅ ድስት ውስጥ ከተተው። እሳት የማይገድለው መርዝ የለም ብሎ ነው። የጋዝ ምድጃውን ሁልጊዜ ውጪ ነበር የሚለኩሰው፤ የዚያን ቀን ግን ነፋሱ እሳቱን እያጠፋ አስቸገረውና ወደ ክፍሉ አስገባው። ዓሦቹ እንዳይበርዳቸው መስኮቱ ተዘግቷል። በሩንም ዘጋው።

እኔ ላይ ሆኜ ልብስ አጥፋለሁ። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ ባሕር ሲሸሽ ጭቃው ላይ እንደሚቀረው የበሰበሰ ሣር ያለ። በወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ ነው የሚገባው። ቀጥሎ የአባቴን ሳል ሰማሁ። ደረቅ፣ የማያቋርጥ ሳል ነበር።

"አባ! ምን እያደረግክ ነው እዚያ?"

"ሥራ ላይ ነኝ! ለእናትሽ እንዳትነግሪ!"

ሳቅ ብዬ ወደ ልብሴ ተመለስኩ። ያችን ሳቄን እስካሁን አልረሳኋትም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁት። አንድ እርምጃ ይወጣል፣ ይቆማል፤ አንድ ይወጣል፣ ይቆማል። በሩ ላይ ሲደርስ ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው።

"ብሮን፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም ያለ ነው የሚመስለኝ። ምስማር ምስማር ይላል።"

"ጉንፋን ይዞሃል፤ ተቀመጥ።"

"በረደኝ። ብርድ ልብስ አምጪልኝ።"

ግንባሩን ነካሁት፤ ይጋያል። ብርድ ልብስ ላመጣ ዞር ስል ውጪ ደረጃው ላይ የሆነ ነገር ወደቀ። ውሻችን ዳስቲ ነበረች። ከአባቴ ጋር ታች ውላለች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተዘርግታ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይኗ ተገልጧል፤ ግን እኔን አያይም።

ጉንፋን ሰውና ውሻን በአንድ ሰዓት አይጥልም። ጋዝ ነው አልኩ፤ ጋዙ እያፈሰሰ ነው፣ ቤቱ ሊፈነዳ ነው።

"አባ፣ ምድጃው ጠፍቷል?"

ራሱን ነቀነቀ፤ አልጠፋም ማለቱ ነው።

ሮጥኩ። ትንፋሼን ይዤ በሩን ከፈትኩት። ክፍሉ ውስጥ ያለው እንፋሎት ጉም ነው፤ የገንዳዎቹ መስታወት ላብ አልቦታል። ከጉሙ ውስጥ የአየር ፓምፖቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በዳበሳ ምድጃው ጋ ደርሼ የጋዙን መዝጊያ ይዤ ባዞረው አልዞር አለኝ፤ ሁለተኛ ሞከርኩ። ሲዞርልኝ ትንፋሼ አለቀ። ሳላስበው ሳብኩ። ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት። ጉሮሮዬን እሳት የላሰው መሰለኝ። ምላሴ ላይ ያ የሳንቲም ጣዕም መጣ።

ወጥቼ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን፣ ሦስቱን ዜሮ፣ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ "ከቤቱ ራቁ፤ ሁላችሁም ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጡ" አለችኝ። አባቴን በብብቱ ይዤ እየጎተትኩ ከፊት ያለው ሣር ላይ አደረስኩት። ዳስቲን ልመለስላት ስል ሴትዮዋ "አይሆንም፣ እንዳትመለሺ" አለችኝ። አልተመለስኩም።

"አምቡላንሱ የት ደርሷል?"

"መንገድ ላይ ነው። ሩቅ ስለነበር ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አባትሽ ይተነፍሳል?"

"ይተነፍሳል። ግን ያፏጫል፤ ደረቱ ያፏጫል።"

ሴትዮዋ መስመር ላይ እያለች በአባቴ ስልክ ወደ እናቴ ደወልኩ፤ አታነሳም። ስትነዳ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከኋላ ወንበር ነው የምትጥለው፤ የአውቶቡስ ሹፌርነት ልማዷ ነው። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። ሰዓቱን አየሁ። ገበያው የሚያበቃበት ሰዓት አልፏል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እናቴ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ እኛ አይደለም። ወደ ዓሦቿ ነው።

በዚህ መሐል እኔንም ጀመረኝ። ጭኔ እንጨት ሆነ። ስስል አየሩ ይወጣል፤ ለመመለስ ግን ቀጭን ቀዳዳ ነው የሚያገኘው። ከስልኩ "ብሮንዊን፣ ትሰሚኛለሽ?" ይላል ድምፁ። እሰማለሁ። መመለስ ግን አቃተኝ።

የእናቴ መኪና መጣ።

እንደ ሁልጊዜው በቤቱ ጎን ገብታ ከታችኛው ክፍል በር አጠገብ አቆመች። በእኛና በእሷ መሐል የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው አለ፤ አታየንም። እኔ ግን ከሥሩ እግሮቿን አያለሁ። ባዶ ባልዲዋን ይዛ፣ እያፏጨች፣ ወደ በሩ።

"እማ!" አልኩ። የወጣው ድምፅ የድመት ትንፋሽ ነው። ጎኔ ያለው አባቴም አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሁለታችን እሷ ወደ ሞቷ ስትራመድ እናያለን፤ አንዳችንም መጮህ አልቻልንም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። ሕልም ላይ ሰው መሮጥ ሲያቅተው ይነቃል። እኔ የት ልንቃ?

የእኔ መኪና መንገዱ ዳር ቆማለች፤ ከእኛ አሥር እርምጃ። በክርኔ ተሳብኩ። ሣሩ አፌ ገባ። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም፤ ብቻ በደረቴ ክላክሱ ላይ ወደቅሁበት፤ አልነሣም ብዬ ቀረሁ።

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ!" እናቴ ከማዕዘኑ ብቅ አለች፤ ተቆጥታለች። "ዓሦቹን በድንጋጤ ልትጨርሻቸው ነው እንዴ?" ከዚያ አባቴን አየችው። ባልዲው ከእጇ ወደቀ።

ሮጣ ከጎኑ ተንበረከከች። "መርቭ! መርቪ፣ ምን ሆንክ?"

"ገንዳውን ... አጸዳሁልሽ" አላት በሹክሹክታ።

"የቱን ገንዳ?"

"የጥጉን። ድንጋዩን ቀቀልኩት።"

"ምን አደረግከው?"

"ቀቀልኩት።"

እናቴ አልጮኸችም። ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ከጩኸት የባሰ ነው፤ ገና ሳንነግራት ሁሉንም ያወቀች ሰው ፊት ነበር። ስልኬን ከመሬት አነሳችና ለሴትዮዋ፣ እንደ ሐኪም ቆጥባ ተናገረች። "ስሚኝ፤ ጋዝ አይደለም። የኮራል መርዝ ነው፤ በእንፋሎት ነው የገባቸው። የሚመጡት ሰዎች ወደ ክፍሉ ያለ መከላከያ እንዳይገቡ ንገሪያቸው።"

ጎረቤታችን ኬቭ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ "መርቭ፣ ደግሞ ዛሬ ምን አሳረርክ?" ብሎ ጮኸ። እናቴ ቀና ብላ አየችው። ፊቷን ሲያይ ወረደ፤ ሚስቱን ጠርቶ ከሰፈሩ ይዟት ወጣ። ብዙ ሳይቆይ መንገዱ ተዘጋ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከአናት እስከ እግር ተሸፍነው ጨረቃ ላይ እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያሉ ወደ ማጠቢያ ክፍላችን ሲገቡ በአምቡላንሱ መስኮት አየሁ። እናቴ ለአሥራ አንድ ዓመት ነጠላ ጫማ አድርጋ የምትገባበት ክፍል ነው።

ሆስፒታል ዶክተር ፔሬራ የሚባሉ ቀጭን ሰው ተቀበሉን። ነገሩን አላለባበሱም።

"ማርከሻ የለውም። ሰውነታችሁ መርዙን እስኪያወጣው እየደገፍን መጠበቅ ነው ያለን ምርጫ። ጡንቻን ይጎዳል፤ ልብም ጡንቻ ነው። ስለዚህ ልባችሁን ሰዓት በሰዓት እናየዋለን።"

"እስከ መቼ?" አለች እናቴ።

"እኔም ባውቀው ደስ ባለኝ።"

እኔ በሦስተኛው ቀን መራመድ ጀመርኩ፤ ሽንቴ ሻይ መስሎ ነበር፣ ጠራ። አባቴ ግን በሁለተኛው ቀን ባሰበት። አስተኝተው የመተንፈሻ ማሽን አስገቡለት። በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ መስታወት በኩል ደረቱ በማሽኑ ልክ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ፤ የራሱ ትንፋሽ አይመስልም። እናቴ ወንበሯን ስባ ቁጭ ብላ ዝም ብላ ታየዋለች። አትበላም። ነርሶቹ የሚያመጡላት ሳንድዊች ጭኗ ላይ ይደርቃል።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከእኔ ጋር ኮሪደሩ ላይ ሆና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ተናገረች።

"ብሮን፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"በእጅህ እንዳትነካው አልኩት እንጂ እንፋሎቱ ይገድላል አላልኩትም። አውቅ ነበር። ካነበብኩት ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ አንድ ቤተሰብ እንዳለ ሊያልቅ እንደነበር ሁሉ ጽፈውታል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ብነግረው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ገንዳ አውጪልኝ ይለኛል ብዬ። ፈራሁ። እነዚያ ዓሦች እንዳይወጡብኝ ፈራሁ።" እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አሁን ከሞተ እኔ ነኝ የገደልኩት።"

"አይደለም" ማለት ነበረብኝ። አልወጣልኝም። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቴ በላይ ደግሞ ፈርቼ ነበር። ትከሻዋ ላይ እጄን ጣል አደረግሁና እንደዚያው ቆምን። ካለን ነገር ሁሉ ያንን ነው ልሰጣት የቻልኩት።

በሰባተኛው ቀን ማሽኑን አወጡለት። መጀመሪያ ውሃ ጠየቀ። ሁለተኛ ዳስቲን ጠየቀ። እንደሞተች ነገርኩት። ዓይኑን ጨፈነ። እናቴ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ ሌላ ሰው ሳይነግረው እኔው ልንገረው ብላ፣ ለእኔ ያለችውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገመችለት። ሲሰማ ቆየና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የዚያን ቀን አላናገራትም። በማግሥቱም። በሦስተኛው ቀን ሾርባ ስታጎርሰው ማንኪያውን በእጁ ያዘው።

"ልክ ነሽ፤ አውጪ እልሽ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ተጣልተን፣ አንድ ሳምንት ተኳርፈን፣ ያልቅ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ መርቪ።"

"ከእንግዲህ የሚያስፈራውንም ንገሪኝ። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ።" ከዚያ ማንኪያውን ለቀቀላት። አፉን ከፈተ።

ዓሦቹ አልተረፉም። ክፍሉ ሲታሸግ መብራቱ ተቆርጧል፤ ያለ ሙቀትና ያለ አየር ያን ያህል ቀን የሚቆይ የለም። ጽዳቱን የሠሩት ሰዎች ክፍሉን ሲያስረክቡን ገንዳዎቹ ደርቀው ተደርድረዋል። እናቴ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ለብቻዋ ተውናት። ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፤ "ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል" ብቻ ነው ያለችው።

አባቴ ወደ ቤት ሲመለስ በዱላ ነበር የሚሄደው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ደረጃ ሲወጣ ዛሬም መሐል ላይ ያርፋል። እኔም ብሆን ውሃ ሲፈላ ወጥ ቤት አልቆምም። እንፋሎቱ ሻይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን አይታዘዘኝም፣ ራሱ ይዞኝ ይወጣል።

በኅዳር ክበቡ አባቴን እንዲናገር ጋበዘው። ሳሪና፣ ገበያው የሚካሄድበት አዳራሽ፣ አርባ ያህል ሰው። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን በጉልበቱ መሐል ይዞ ጀመረ።

"ዓሣ እንዴት እንደሚረባ ልነግራችሁ አልመጣሁም፤ እሱን ሚስቴን ጠይቁ። እኔ የመጣሁት ላስፈራችሁ ነው።"

ትንሽ ሳቁ። ሲቀጥል ሳቁ ቆመ። ድንጋዩን፣ ጓንቱን፣ የተዘጋውን በር፣ ዳስቲን ነገራቸው። ሲጨርስ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ግዙፍ ጎልማሳ እጁን አወጣ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር እንቅልፍ የያዘው መስሎኝ ነበር።

"ሰው ባይቀቅለውስ?" አለ። "በብሩሽ ብቻ ቢፈገፍገውስ?"

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። "መቼ ነው የፈገፈግከው?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ክፈተው እስቲ ዓይንህን።"

ከፈተው። ነጩ የሚባል ነገር የለውም፤ ቲማቲም ነው።

"ቤትህ ማን አለ?"

"ሚስቴ። እየጋገረች ነው የተውኳት።" ድምፁ ቀጠነ። "ብሩሹን ... ብሩሹን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ነው የተውኩት።"

ስልኩን ሲያወጣ ከእጁ ወደቀ። አንሥቶ ደወለ። አርባ ሰው ጥሪውን አብሮት ሰማ። ጠራ። ጠራ። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"ምነው ውዴ፣ ረሳህ እንዴ የምትገዛውን?" አለ የሴት ድምፅ።

"ሊን፣ ከቤት ውጪ። ምንም እንዳትነኪ። እጅሽን አፍሽ ጋ እንዳታደርሺ። ዝም ብለሽ ውጪ!"

እናቴ ሰውየውን ሆስፒታል ልታደርሰው ክንዱን ይዛ ወደ መኪናዋ ስትወስደው ደጃፉ ላይ ዞር ብላ ተጣራች፦ "ብሮን፣ አንቺና አባትሽ ሚስትየው ጋ ሂዱ። ወደ ውስጥ እንዳትገቡ!" አልገባንም። ሊንን ግቢዋ ውስጥ በባዶ እግሯ ቆማ አገኘናት፤ እጆቿን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ አንሥታ ታለቅሳለች። ምንም አልነካትም። የባሏ ዓይን ሁለት ሳምንት ታስሮ ሰነበተ፤ ሲፈታ ብርሃኑ አልጠፋም።